ሳይበራ የቀረው ጠርሙስ

ሥራ የጀመርኩት ቢቸና ነው። መንግሥት ከተለወጠ ገና ብዙ አልቆየም፤ የጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የነበረው የድሮ መፈክር ኖራ ቢቀባም ፊደሎቹ ከሥር ይታዩ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ነጭ ጋወኔን ተኩሼ፣ ጫማዬን ወልውዬ ገባሁ። የላብራቶሪው ኃላፊ አቶ በላቸው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና "ጥሩአለም፣ ከሁሉ በፊት ከፀሐይ ጋር ተስማሚ" አሉኝ። ያሾፉብኝ መሰለኝ።

አላሾፉም። ማይክሮስኮፓችን መብራት የለውም፤ መስኮት ዳር ተቀምጦ ከሥሩ ባለች መስታወት የሰማይ ብርሃን እየተቀበለ ነበር የሚሠራው። ክረምት ሰማዩ ሲጠቁር "ፀሐይ ስትወጣ ተመለሱ" እያልን ሰው እንመልሳለን። አንድ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተመልሰው መጡና "ልጄ፣ እናንተ የምትመረምሩ ናችሁ ወይስ ብቅል የምታሰጡ?" ብለውኝ ሄዱ።

ያን ጊዜ ሰገራ አምጡ ስንል ሰው የክብሪት ቀፎ ይዞ ነው የሚመጣው። አንድ መሪጌታ ቀፎውን በወረቀት ጠቅልለው፣ በክር አስረው፣ እንደ ስጦታ በሁለት እጃቸው አቀረቡልኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። አቶ በላቸው ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ወደ ውጭ ወጡ። ሰውየው ግን ትክክል ነበሩ፤ ለምርመራ የሚሰጥ ነገር ክብር ያስፈልገዋል።

አቶ በላቸው ቁጡ ነበሩ። ናሙና የምንቀባበት ስስ መስታወት፣ ስላይዱ፣ በጣቴ አሻራ ከተበላሸ ያለ ቃል መሬት ላይ ይጥሉታል፤ ስባሪውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ጃርዲያን ከአሜባ መለየት፣ ማቅለሚያ ማጣራት፣ የታመመን ሰው ሳያስፈራሩ ደም መውሰድ ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው። እወዳቸው ነበር፤ በሕይወት ሳሉ አልነገርኳቸውም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ሞጣ ሆስፒታል ተዛወርኩ። ሞጣ ሰፊ ገበያ ያላት፣ ጧት የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ አዛን ተከታትለው የሚሰሙባት፣ ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱ ሚኒባሶች ረዳቶች ሲጮኹ የሚውሉባት ከተማ ናት። እዚያ የኤሌክትሪክ ማይክሮስኮፕ አገኘሁ። ከቴክኒሺያንነት ወደ ከፍተኛ ቴክኒሺያን፣ በመጨረሻም የላብራቶሪው አስተባባሪ ሆንኩ። ማዕረጉ ሲጨምር የሚጨምረው ስብሰባ ብቻ መሆኑን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም።

በማይክሮስኮፕ ብቻ የማይለይ ባክቴሪያ ብዙ ነው። እሱን ለማግኘት ካልቸር እንሠራለን፤ ናሙናውን ምግብ ባለው ሳህን ላይ ዘርተን፣ በሞቀ ሣጥን አስቀምጠን እስኪበቅል እንጠብቃለን። በሽታው ግን አይጠብቅም። አንድ ጊዜ ለአንድ ሕፃን የታዘዘ ካልቸር ውጤት በእጄ ይዤ ወደ ክፍሉ ስሮጥ አልጋው ባዶ ነበር፤ ፍራሹ ታጥፏል። ውጤቱ ትክክል ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ አልጋ አጠገብ ማለፍ ይከብደኝ ነበር።

ለጡረታ ጥቂት ሲቀረኝ ራሔል መጣች። ደብረ ማርቆስ ያደገች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ለዶክትሬቷ ጥናት የምትሠራ ቀጭን ልጅ። በረዶ የተሞላበት ሣጥን በሁለት እጇ አቅፋ ገባችና አለቃችን "እሷን እርጃት፣ ጥናቷ የውሃ ምርመራ ነው" አሉኝ።

"ሣጥኑ ውስጥ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ቫይረስ ነው፣ እትዬ።"

ሁለቱ የሥራ ባልደረቦቼ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። እኔም ብሆን እጄን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ። ራሔል ሳቀችና "አይፍሩ፤ ሰውን አያውቅም" አለች።

እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ባክቴሪያም እንደኛ ይታመማል፤ የራሱ የሆነ ቫይረስ አለው። እሷ ያመጣችው ኢ.ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ ብቻ የሚይዝ ነው። ኢ.ኮላይ ደግሞ ከአንጀት የሚወጣ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ከተገኘ ውሃው ሰገራ ነክቶታል ማለት ነው፤ ከእሱ ጋር ገዳይ የሆኑትም ይመጣሉ። በዚህ ቫይረስ ውስጥ ባለሙያዎች ባሕር ውስጥ ከሚያበራ ፍጥረት የተወሰደ ዘረ መል ጨምረውበታል። ቫይረሱ ባክቴሪያው ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያው ሳይወድ በግዱ ብርሃን የሚሰጠውን ነገር መሥራት ይጀምራል።

"ሌባው ራሱ ፋኖስ ለኩሶ 'እዚህ ነኝ' ይላል በይኛ" አልኳት።

"እንደሱ ነው፤ ሌባው ከሌለ ደግሞ ፋኖስ የለም።"

ለመጀመሪያ ሙከራ ከገበያው በታች ካለው ቦይ ውሃ ቀዳን። ጧት በትንሽ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከባክቴሪያ ምግብ ጋር ቀላቅለን ሞቅ ባለ ሣጥን አስገባነው፤ ከዚያ ቫይረሱን ጨመርንበት፤ በኋላ ደግሞ የሚያበራውን ኬሚካል። ብርሃኑን በቁጥር የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ ነበራት። እሷ ግን "በዓይንዎ እንዲያዩት እፈልጋለሁ" ብላ የዕቃ ቤቱን መስኮት በጋቢዬ ጋረደችው። በሩን ዘጋን። ቱቦው ሰማያዊ ብርሃን ሰጠ፤ ደብዘዝ ያለ፣ ግን ቁልጭ ብሎ የሚታይ። በዚያው ቀን፣ ገና ከሥራ ሳንወጣ። ያ የታጠፈ ፍራሽ ትዝ አለኝና አለቀስኩ። ራሔል ከኬሚካሉ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

ዘዴው ሙከራ ላይ ስለነበር ከጎኑ በአሮጌውም መንገድ እንዘራለን። ሁለቱ ተስማምተው ሲገኙ ራሔል እንደ ልጅ ታጨበጭባለች።

ደብሪቱ የመጣችው በዚያ መሐል ነው። ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ፣ አፏን በመፍታት ላይ ያለች፣ ማስተዋል የምትባል ልጇን በጀርባዋ አዝላ። ልጅቱ ከተቅማጡ የተነሳ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ስታለቅስ እንኳ እንባ አልነበራትም። ሐኪሙ ወዲያው ግሉኮስ ሰካላት። ያለፈው ዓመት የደብሪቱ የበኩር ልጅ ጌትነት በዚሁ ዓይነት ተቅማጥ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞቷል።

አልጋው ጫፍ ላይ የባሏ እናት እማማ የሺ ተቀምጠዋል። ናሙና ልወስድ ስገባ ደብሪቱ እየሰማች ነገሩኝ።

"እቴ፣ እኔ ስድስት ያሳደግሁት በዚያው ምንጭ ውሃ ነው። አንዱም አልሞተብኝ። ልጅ የሚጨርሰው የሷ እጅ ነው። ይህቺ ከዳነችልኝ እኔ እወስዳታለሁ። ልጄም በስልክ ተስማምቷል።"

ልጃቸው፣ የደብሪቱ ባል፣ ለቀን ሥራ ሁመራ ነበር። ደብሪቱ የልጇን እግር በሁለት እጇ ይዛ መሬት መሬት ታያለች። እማማ የሺ ክፉ ሰው አልነበሩም። ጌትነትን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ፤ ሐዘኑ መሄጃ አጥቶ ነው።

ይህን ለራሔል ነገርኳት። "ምንጩን እንመርምርላት" አለች ወዲያው። እኔ በእንፋሎት ግፊት አምክኜ ከተውሳክ ሁሉ ያጸዳሁትን የመስታወት ጠርሙስ ለደብሪቱ ሰጠናት። ስንቅ ልታመጣ ወደ ቤቷ ልትሄድ ስለነበር ስትመለስ ከምንጩ ቀድታ እንድታመጣልን ነገርናት። ራሔል አስጠነቀቀቻት። "አደራ፣ ጠርሙሱ ንጹሕ መሆን አለበት።"

"ግድ የለሽም፣ እታለም" አለች ደብሪቱ።

በማግስቱ ጧት ጠርሙሱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣችው። ስከፍተው ወይራ ወይራ ሸተተኝ። እኛ አገር ወይራ የማይሸት ዕቃ የት አለ፤ የወተቱ፣ የጠላው፣ የውሃው ዕቃ ሁሉ በወይራ ይታጠናል። ራሔልም አሽትታ "የእናቴን ቤት ይሸታል" አለች። ሥራችንን ቀጠልን።

አልበራም። መሣሪያው ከባዶ ውሃ የማይበልጥ ቁጥር አነበበ። የአሮጌውን መንገድ ሳህንም ጠበቅነው፤ ምንም ሳይበቅልበት ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሁለቱ ዘዴዎች ተስማሙ፤ ራሔል ግን አላጨበጨበችም።

"ምንጩ ንጹሕ ከሆነ እንግዲህ ነገሩ ያለው ቤት ውስጥ ነው" አለች።

"አውቃለሁ" አልኳት። ሄዶ መናገሩ የሁለታችንም ሥራ ነበርና ተያይዘን ሄድን።

ማስተዋል ተሽሏት አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ራሔል የተቻላትን ያህል ቃሏን አለስልሳ ተናገረች። ምንጩ ንጹሕ ነው፤ ቆሻሻው ከምንጩ እስከ ልጅቱ አፍ ባለው መንገድ ላይ ነው የሚገባው፤ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ዕቃን ማጽዳት ያስፈልጋል። እማማ የሺ ልጅቱን ከአልጋው አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ቢሳደቡ ይሻል ነበር።

ደብሪቱ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችን።

"እኔ ቆሻሻ ነኝ?" አለች። "የናንተን ጠርሙስ እንኳ እንዲያው አልቀዳሁበትም። 'ንጹሕ ይሁን' ስላላችሁኝ በግራዋ ቅጠል አሸሁት። አላምን ብዬ ደግሜ አሸሁት። ኋላም በወይራ አጠንሁት። ለካህን ወተት የማቀርብበት ዕቃ እንኳ እንደሱ አይታጠብም። ሌላ ምን ላድርግ? እስቲ ንገሩኝ።"

ራሔል ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም ወደ እሷ። እኛ 'ንጹሕ' ስንል አትንኪው ማለታችን ነበር። እሷ ደግሞ የተከበረ ሰው ዕቃ ሲያውሳት ማንም ባለሙያ ሴት የምታደርገውን ነው ያደረገችው።

ራሔል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት። "ደብሪቱ፣ የምትጠጡትን ውሃስ እንዲህ በታጠነ ዕቃ ነው የምታስቀምጪው?"

"እሱማ በጀሪካን ነው። ጀሪካን እንዴት ይታጠናል? ይቀልጣል እኮ።"

ወደ ላብራቶሪው ተመለስን። ራሔል ከደብሪቱ ጠርሙስ የተረፈውን ውሃ ሁለት ቱቦ ላይ ከፍላ ለማመሳከሪያ የምናስቀምጠውን ሕያው ኢ.ኮላይ ጨመረችበት። ያንኑ ያህል በንጹሕ ውሃ ውስጥም ጨመረች። ከዚያ ለሁሉም ቫይረሱን ሰጠናቸው። በንጹሕ ውሃ ውስጥ ያለው በራ። የደብሪቱ አልበራም። ባክቴሪያውን በገዛ እጃችን ጨምረነው እንኳ እዚያ ውሃ ውስጥ አልቆየም። ግራዋው ይሁን የወይራው ጢስ፣ ወይስ ሁለቱ ተረዳድተው፣ ያን ቀን አላወቅንም።

"እትዬ፣ በሴትየዋ ላይ ከመናገሬ በፊት ይህን ማድረግ ነበረብኝ" አለች ራሔል።

"አሁን አድርገሻል፤ ነይ ምንጩ እንሂድ" አልኳት።

ደብሪቱን ይዘን እስከ መንገዱ መጨረሻ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ሄድን። ምንጩ ከሾላ ዛፍ ሥር ነው። ከበላዩ ያለው መስክ በቅርብ ዓመታት የከብት መዋያ ሆኗል፤ ከቁጥቋጦው ኋላ ደግሞ ሰውም እንደሚጸዳዳ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ወደ ምንጩ ነው የሚወርደው። አዲሱን ጠርሙስ ራሴ ከፈትኩ፣ ራሴ ቀዳሁ፣ ራሴ ዘጋሁ። ደብሪቱ ራቅ ብላ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆማ ነበር፤ በስሕተት እንኳ እንዳትነካው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ራሔል መሣሪያውን ካነበበች በኋላ ወደ እኔ መጥታ "እናምጣቸው?" አለችኝ። የታካሚ ቤተሰብ ላብራቶሪ አይገባም፤ ደንቡን ለሌሎች ስነግር የኖርኩት እኔ ነኝ። "አምጫቸው" አልኳት።

አራታችን ጠባቡ ዕቃ ቤት ገባን፤ እማማ የሺ ልጅቱን ታቅፈዋል። መስኮቱን በጋቢው ጋርጄ በሩን ዘጋሁ። መቆሚያው ላይ ሁለት ቱቦ ነበር። አንዱ በራ።

"በስመ አብ። ምንድን ነው ይሄ?" አሉ እማማ የሺ።

"የእርስዎ ምንጭ ነው፣ እማማ" አልኳቸው። "እርስዎ ሲያሳድጉበት ንጹሕ ሊሆን ይችላል። አሁን ከብቱም ሰውም ከበላዩ ይውላል። የሚያበራው ልጆችን የሚያስቀምጥ ተውሳክ እንዳለበት የሚያሳየን ነው።"

"ያኛውስ? የጨለመው?"

"እሱ ደብሪቱ ባጠበችው ጠርሙስ የመጣው ነው። እኛ ሆን ብለን ተውሳኩን ጨምረንበታል። ከሷ እጥበት በኋላ መኖር አልቻለም።"

እማማ የሺ ሁለቱን ቱቦዎች ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ልጅቱን ከዕቅፋቸው አውጥተው ለደብሪቱ ሰጧት። በነጠላቸው ጫፍ መጀመሪያ የምራታቸውን ፊት፣ ቀጥሎ የራሳቸውን ጠረጉ። በሩን ስከፍት ስልካቸውን ሰጡኝና የልጃቸውን ቁጥር እንዳወጣላቸው ጠየቁኝ። "ልጅቱ ተናቷ ጋር ነች። እኔ አጥፍቻለሁ" ሲሉት ሰማሁ።

ውሃውን አፍልተው እንዲጠጡ፣ ጀሪካኑ ውስጥ የውሃ ማከሚያ እንዲጨምሩ ነገርናቸው። ኋላም የቀበሌው ሰዎች ምንጩን አጠሩት፤ ከብቱንም ወደ ታች አወረዱት። ማስተዋል ድና ወጣች። ራሔል ጥናቷን ስትቀጥል ከዚያ ወዲህ አንድም ውሃ 'ንጹሕ' ብላ አልፈረደችም፤ መጀመሪያ ያንኑ ውሃ ከፍላ፣ ሕያው ባክቴሪያ ጨምራ፣ መብራት መቻሉን ሳታይ። ዘዴው እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከሙከራ አላለፈም። እንደሚያልፍ አምናለሁ።

ሁለቱን ቱቦዎች ያሳየናቸው ዕለት፣ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ፣ ደብሪቱ ልጇን እንዳቀፈች ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቀረች።

"እናቴ" አለችኝ፣ "ጌትነትስ? እሱንም ውሃው ነው?"

በእኛ ሙያ ያልመረመርነውን አንናገርም። የጌትነት ናሙና እጄ ገብቶ አያውቅም። አዎ ብላት ምንም አያስወጣኝም ነበር፤ ልቧም ያርፍላት ነበር። ግን ስለ እሷ አንድ ጊዜ ያላረጋገጥነውን ተናግረናል፤ ሁለተኛ አልደግመውም አልኩ።

"እሱን አልመረመርኩትም፣ ልጄ" አልኳት። "ምን እንደገደለው አላውቅም። እጅሽን ግን መርምሬዋለሁ። በመሣሪያ አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው።"

እጇን ከልጅቱ ጀርባ ላይ አንስታ አየችው፤ አገላብጣ አየችው። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። እኔም በሩን ገርበብ አድርጌ እስክትጨርስ አጠገቧ ቆምኩ።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህንኑ ነው። መሣሪያው 'የለም' ሲላችሁ ናሙናውን ማን እንደያዘው፣ ዕቃውን ማን እንዳጠበውና በምን እንዳጠበው ጠይቁ። ሳትጠይቁ የተናገራችሁት 'የለም' በአንድ ሰው ላይ ይፈርዳል።